«ሲስተም የለም»፦ ኔትወርኩ ተመልሶ ፕሮግራሙ ሲቀር

ረጅም ፖስት ነው፣ ሻይ ያዙ። ፕሮግራመር ያልሆናችሁም አትለፉት፤ እናንተንም ወረፋ ላይ የሚያቆማችሁ ጉዳይ ነው።

እንደ «ሲስተም የለም» ቶሎ የምንቀበለው ዓረፍተ ነገር ያለ አይመስለኝም። ባንክ ገብተን ሲስተም የለም። ክፍያ ልንከፍል ሄደን ሲስተም የለም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል ትናገረዋለች፣ እኛም አንጠይቅም። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብለን፣ መብራቱንና መስመሩን አምተን፣ ነገ እንመጣለን ብለን እንወጣለን። መቐለ ውስጥ ደግሞ ለዚህ ነገር የሰለጠንን ነን። ስልክም ኢንተርኔትም ባንክም በአንድ ላይ ጠፍተውብን ያውቃሉ፤ ለጥቂት ሰዓት ጠፋ ሲባል ማን ይደነቃል?

እኔ ግን ዛሬ የምለው ሌላ ነው። አንዳንዴ መስመሩ ከተመለሰ ሰዓታት አልፈዋል። መብራቱ አለ፣ ኔትወርኩ አለ፣ ዳታቤዙ አለ። የሌለው ፕሮግራሙ ነው። ጠዋት አንዴ ሞክሮ አልሆን ሲለው ተስፋ ቆርጧል፣ ዳግም አይሞክርም። ይሄ ደግሞ የአጋጣሚ ብልሽት አይደለም። የቋንቋው ሕግ ነው፤ በሰነድ የተጻፈ። ችግሩ እኛ ኮድ የምንጽፈው ሰዎች መሰበር የሚችለውን ነገር ሁሉ ወስደን ልክ ያ ሕግ የሚሠራበት ቦታ ላይ እናስቀምጠዋለን።

ስለ ክላስ አጀማመር ነው የማወራው። በጃቫ ልጀምር፣ እዚህ አገር በየዩኒቨርሲቲው ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ ሲባል በብዛት የሚማሩት እሱን ነው።

አዲስ ምጣድ የገዛ ቤት ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ያሟሸዋል። በጎመን ዘር አሽቶ፣ አሙቆ፣ አዘጋጅቶ ነው ሊጥ የሚያፈስበት። (እኛ ጋ ሞጎጎ ነው የምንለው፣ ሥራው ያው ነው።) ማሟሸት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጋገር ብቻ። ጃቫም ክላስን እንዲህ ያደርገዋል። አንድ ክላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ፣ ማለትም ኦብጀክት ሲፈጠርበት፣ ስታቲክ ሜተዱ ሲጠራ፣ ወይም ኮንስታንት ያልሆነ ስታቲክ ፊልዱ ሲነበብ፣ ያን ጊዜ ስታቲክ ብሎኩ ይሮጣል፣ ስታቲክ ፊልዶቹ ዋጋቸውን ይይዛሉ። አንድ ጊዜ። ብዙ ትሬዶች እኩል ቢመጡ እንኳ አንዱ ያሟሻል፣ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። እስከዚህ ድረስ የሚያምር ነገር ነው።

ታዲያ ማሟሻው መሐል ላይ ኤክሴፕሽን ቢነሣስ? ጃቫ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የተነሣውን ኤክሴፕሽን «ኤክሴፕሽን ኢን ኢኒሺያላይዘር ኤረር» በሚባል ሌላ ዕቃ ጠቅልሎ ለጠራው ሰው ይወረውረዋል። ሁለተኛ፣ ክላሱ ላይ «የተበላሸ» የሚል ምልክት ያደርጋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያንን ክላስ የነካ ሁሉ የሚያገኘው ሌላ ስሕተት ነው፤ «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር»። ስታቲክ ብሎኩ ዳግም አይሮጥም። በ5 ደቂቃም፣ በ5 ሰዓትም፣ በ5 ቀንም። ፕሮሰሱ ተገድሎ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ያ ክላስ ሞቷል።

ምጣዱ በማሟሻው ላይ ተሰነጠቀ እንበል። ይጣል፣ እስማማለሁ። ግን መብራት ስለጠፋ ኤሌክትሪክ ምጣዱን ወደ ቆሻሻ የሚወረውር ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጃቫ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም። ማወቅ የነበረበት ኮዱን የጻፈው ሰው ነው።

ያየሁትን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ቦታውን አልጠራም፣ ከተማችን ትንሽ ናት። መድኃኒት የሚሸጥበት ቦታ ነው፣ ይሄ ይበቃል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ማዘዣውን ይዘህ ካሸር ጋ ትሄዳለህ፣ ካሸሯ ዋጋውን ከሲስተም አውጥታ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ደረሰኙን ይዘህ መድኃኒቱን ትወስዳለህ። ያለ ደረሰኝ መድኃኒት የለም።

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ መጣ። መብራት ሲመጣ ምን እንደሚሆን እዚህ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የሚነሣው። ሰርቨሩም፣ ስዊቹም፣ ራውተሩም። ግን እኩል አይደርሱም። ሰርቨሩ ተነሥቶ ፕሮግራሙን ሲያስጀምር ራውተሩ ገና እያዛጋ ነበር። ካሸሯ የመጀመሪያውን ሰው ዋጋ ለማውጣት ስትጫን፣ የዋጋ ዝርዝሩን የያዘው ክላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነካ። ስታቲክ ብሎኩ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ካለው ዳታቤዝ ዋጋ ለማምጣት ሞከረ። መስመሩ አልነበረም። ኤክሴፕሽን። ክላሱ ሞተ።

ከሦስት አራት ደቂቃ በኋላ ኔትወርኩ መጣ። ፕሮግራሙ ግን እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አልመጣም።

በመሐሉ የሆነውን አስቡት። የአይቲው ልጅ ተጠራ። ዳታቤዙን ፒንግ አደረገ፣ ይመልሳል። በሌላ ፕሮግራም ገብቶ ዋጋዎቹን አየ፣ አሉ። ሎጉን ከታች ከፈተ፣ «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ» ይላል፣ በመቶ ጊዜ ተደጋግሞ። ይሄን ስም ያነበበ ሰው ምን ይላል? ክላሱ አልተገኘም ነው የሚለው! ስለዚህ ፋይል ጠፍቷል፣ መብራቱ ሲቆረጥ የሆነ ጃር ተበላሽቷል ብሎ ደመደመ። በስልኩ ዳታ ላይብረሪውን እንደገና አውርዶ በፍላሽ ገለበጠ። ያው ነው። ሰርቨሩን ሪስታርት እንዳያደርግ ደግሞ ተከልክሏል፤ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ሲነካካው ዳታ ጠፍቶ ነበር አሉ፣ ቁልፉ ያለው አለቃቸው ጋ ነው፣ አለቃቸው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ወረፋው ላይ ከሳምረ በኩል በሌሊት ተነሥተው የመጡ እናት ነበሩ። ካሸሯ «አደይ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ ሲስተም የለም» ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ «ሲስተም መቼ ነው የሚመጣው ልጄ?» ይላሉ። እንደ አውቶቡስ። የመመለሻ መኪና እንዳያመልጣቸው መድኃኒቱን ሳይወስዱ ሄዱ። እኔ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ይሄን የነገረችኝ ካሸሯ ናት። አለቃው ከስብሰባ ሲወጡ ፕሮግራሙን ሪስታርት አደረግነው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ኮዱን የጻፈው ልጅ ሰነፍ አይደለም። አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ነው። ያስተማረው ሰው አልነበረም እንጂ።

አሁን ወደ ስሕተቱ ስም ልመለስ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ይሄንን ብቻ ከዚህ ፖስት ብትወስዱ ይበቃኛል፦ «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር» ስታዩ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን መልእክት አንብቡ። ባዶ የክላስ ስም ብቻ ከሆነ እውነትም ፋይሉ ላይገኝ ይችላል። «ኩድ ኖት ኢኒሺያላይዝ ክላስ» ብሎ ከጀመረ ግን ፋይሉ አለ፣ ተገኝቷል፣ ተነቧል። የሞተው ሲጀመር ነው። ጃር ፍለጋ አትሂዱ። ሎጉን ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያዋን ስሕተት ፈልጉ፤ እውነቱ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። ሌሎቹ መቶዎቹ የእሷ ማሚቶ ናቸው።

ችግሩ የመጀመሪያዋ አንዳንዴ ሎግ ላይም የለችም። ክላሱን መጀመሪያ የነካው በሰዓት የሚሮጥ የጀርባ ሥራ ከሆነ፣ ለምሳሌ በጃቫ «ስኬጁልድ ኤክስኪዩተር» የተቀጠረ፣ ስሕተቱ የሥራው ውጤት የሚቀመጥበት «ፊውቸር» የሚባል ዕቃ ውስጥ ይቀበራል። ማንም ያንን ካልጠየቀ አንድ መስመር አይታተምም። ሥራው ዳግም አይሮጥም፣ በዝምታ። ጠዋት ሰው ሲገባ የሚያየው ማሚቶውን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። «እኔ እኮ ሁሉንም ነገር በትራይ ካች አጥሬዋለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። «ካች ኤክሴፕሽን» ብሎ ጽፏል። ይሄ ግን ኤክሴፕሽን አይደለም፣ ኤረር ነው፤ የቤተሰብ ዛፉ ላይ በሌላ ቅርንጫፍ ነው ያለው። አጥሩን ዘሎ ያልፋል።

እውነት ለመናገር የጃቫ ሰዎች ይሄን ያህል ዘመን ማሚቶው ምንጩን ሳይናገር መተዋቸው ይገርማል። የተስተካከለው በጃቫ 17 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያውን እንደ መነሻ ይዞ ይታተማል። ጃቫ 17 የወጣው መስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እኛ ኢንተርኔት አልነበረንም፣ ስልክም፣ ባንክም። ዓለም አዲስ ቨርዥን ሲያወርድ እዚህ ያለ ፕሮግራመር ላፕቶፑን የሚያበራው የቆየ ፒዲኤፍ ለማንበብ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የሎግ ፎር ጄይ ቀዳዳ ዓለምን ሲያንጫጫ እኛ የሰማነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መስመሩ ሲመለስ ያገኘነው ማሽን የተውነውን ነው፣ እኔ የማያቸው ብዙዎቹ እስከዛሬ ጃቫ 8 ላይ ናቸው። ስለዚህ «አዲሱ ላይ ተስተካክሏል» የሚለው መልስ ለኛ ገና መልስ አይደለም።

ለቋንቋው ፈጣሪዎች ፍትሐዊ ልሁን። ዝም ብለው አይደለም እንዲህ ያደረጉት። ስታቲክ ብሎኩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ከወደቀ፣ አንዳንዱ ፊልድ ዋጋ ይዟል፣ አንዳንዱ አልያዘም። «ፋይናል» የተባለ ፊልድ ደግሞ አንዴ ከተሰጠው በኋላ ዳግም ሊሰጠው አይገባም። ብሎኩ ከመውደቁ በፊት የሆነ ፋይል ከፍቶ፣ የሆነ ቦታ ራሱን መዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ቢሮጥ ሁለቴ ይመዘገባል። ግማሽ የተሟሸ ክላስ ለሌላ ትሬድ ከማሳየት ጨርሶ አለማሳየት ይሻላል ብለው ወሰኑ። ለቋንቋ ይሄ ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌሎች ቋንቋዎች ግን ሌላ መንገድ መርጠዋል፣ ይሄን ማወቅ ደስ ይላል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ፈንክሽን ውስጥ ያለ ስታቲክ ተለዋዋጭ ሲጀመር ኤክሴፕሽን ቢያስነሣ፣ እንዳልተጀመረ ይቆጠራል፤ ቀጥሎ የመጣው ሰው እንደገና ይሞክራል። ከፈንክሽን ውጭ ያለው ቢወድቅ ደግሞ ፕሮግራሙ በሙሉ እዚያው ይቆማል። ፓይተን ላይ ሞጁል ሲገባ ቢወድቅ ከመዝገቡ ይሰረዛል፣ ቀጣዩ «ኢምፖርት» ከዜሮ ይጀምራል። ሲ ሻርፕ እንደ ጃቫ ነው፣ የሞተ ታይፕ ሞተ። ግን ቢያንስ በጠራኸው ቁጥር የመጀመሪያውን ምክንያት በሆዱ ይዞ ይመጣል፣ አይዋሽህም። ከሁሉም የሲ ሻርፑ ሐቀኝነት ይመቸኛል።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ስነግረው አንድ ነገር አለኝ፣ ክብደት ያለው ነገር። «ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ካላገኘ መሞቱ ነው የሚሻለው። ግማሽ ሆኖ ከሚንገታገት ይውደቅ፣ እኛም እንወቀው።» እውነቱን ነው። እኔም ይሄንን አስተምራለሁ፦ ቶሎ ውደቅ፣ ጮኸህ ውደቅ።

ግን ስታቲክ ብሎክ ቶሎ አይወድቅም! ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክላሱ የሚጀመረው ፕሮግራሙ ሲነሣ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካ ነው። ፕሮግራሙ በሰላም ተነሥቶ፣ ኢንጂነሩ «ሠርቷል» ብሎ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ሰው አልፎ አልፎ የሚጫናትን ቁልፍ ሲጫን ነው የሚፈነዳው። ጮኾም አይወድቅም። አንድ ትሬድ ይወድቃል፣ ሰርቨሩ ይቀጥላል፣ ከውጭ ለሚያየው ጤነኛ ነው። የመቆጣጠሪያ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ሞቷል እንዳትለው ይተነፍሳል፣ አለ እንዳትለው አይሠራም። ጓደኛዬ የሚፈልገው ሞት ይሄ አይደለም።

«ስሕተት ከመጣ ቁም» የሚለው ሕግ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ግምት ነው የተጻፈው የሚለው ጥያቄ የኛ ብቻ አይደለም። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. አርያን 5 የተባለች የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ በረራዋ ከተነሣች 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ምክንያቱ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሲቀየር አልገባ ማለቱ ነበር። ቁጥሩ የነበረበት ኮድ ደግሞ ሮኬቷ ከመነሣቷ በፊት መሣሪያውን ለማስተካከል የሚያገለግል፣ ከተነሣች በኋላ ምንም ሥራ የሌለው፣ ከአርያን 4 የተወረሰ የዝግጅት ኮድ ነው። ኤክሴፕሽኑ ሲነሣ የተጻፈው ሕግ «መዝግብ፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩን አቁም» የሚል ነበር፤ ሐሳቡ ብልሽት ማለት የዕቃ ብልሽት ነው፣ መጠባበቂያው ይተካል የሚል ነው። መጠባበቂያው ግን ያንኑ ኮድ ነበር የሚያሮጠው፣ ከጥቂት ሚሊሰከንዶች በፊት በዚያው ምክንያት ቆሟል። መርማሪ ቦርዱ በሪፖርቱ ያንን የማቆም ውሳኔ ነው ለጥፋቱ ዋና አድርጎ ያነሣው። የኛ የመድኃኒት መስኮት ሮኬት አይደለም። ግን ግምቱ ያው ነው፦ «ይሄ ከወደቀ የወደቀው ለዘለዓለም ነው» ተብሎ የተጻፈ ሕግ፣ ለጊዜው በወደቀ ነገር ላይ ሲሠራ።

ከኔትወርኩ ሌላ አንድ የራሳችን ወጥመድ አለ፣ እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። የቀን አቆጣጠራችን። ጃቫ አብሮት በሚመጣው ላይብረሪ የጃፓን፣ የታይላንድ፣ የታይዋንና የሂጅራ አቆጣጠር አለው፣ የኛ የለውም። (ከውጭ የሚጨመሩ እንደ ጆዳ ታይምና ስሪቴን ኤክስትራ ያሉት ላይ አለ።) ስለዚህ ሰው የኛን ቀን በቀጥታ ለፈረንጁ «ሎካል ዴት» ይሰጠዋል። የበጀት ዓመት መዝጊያ፣ የሰሌዳ ቀን ምናምን ብሎ ስታቲክ ፊልድ ላይ ያስቀምጠዋል። 2015 ወር 13 ቀን 6 ይለዋል። ጳጉሜን 6፣ ለኛ ትክክለኛ ቀን ነው፣ ዓመቱ የሠግር ነበር። ጃቫ ወር ከ1 እስከ 12 ነው ብሎ ኤክሴፕሽን ያነሣል፣ ክላሱ ይሞታል። ጥቅምት 30ም እንደዚያው፣ የካቲታቸው 30 የለውም። በእርግጥ እነዚህ ዕድለኞቹ ናቸው። መስከረም 10ን የሰጠኸው ጊዜ ያለምንም ቅሬታ ጃንዋሪ 10 አድርጎ ይቀበልሃል፣ ስሕተቱን ከዓመት በኋላ ሒሳብ ሲዘጋ ነው የምታገኘው። እንዲሁ ሰዓት ዞኑን «አፍሪካ መቐለ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ። እኔም ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ዝርዝሩ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ብቻ ናት። እሷም ስታቲክ ከሆነች ክላሱን ይዛው ትሄዳለች።

አሁን «መፍትሔ» ተብሎ ስለሚደረገውና ከበሽታው ስለሚብሰው ነገር። ጃቫ ስታቲክ ብሎክ ውስጥ «ቼክድ» የሚባሉት ኤክሴፕሽኖች እንዲያልፉ አይፈቅድም፤ ኮምፓይለሩ ይቆጣል። ስለዚህ ልጁ ትራይ ካች ውስጥ ያስገባዋል። ካቹ ውስጥ ምን ይጽፋል? ኤዲተሩ ራሱ የሰጠውን «ፕሪንት ስታክ ትሬስ»፣ በቃ። ያን ጊዜ ኮምፓይለሩ «ይሄ ፋይናል ፊልድ ዋጋ ላይሰጠው ይችላል» ብሎ ሁለተኛ ያስጠነቅቀዋል። ልጁ ምን ያደርጋል? «ፋይናል» የሚለውን ቃል ያጠፋዋል። ኮምፓይለሩ ሁለት ጊዜ እጁን ያዘው፣ ሁለቴም አስለቀቀው። አሁን ክላሱ አይሞትም። በሕይወት አለ፣ ሆዱ ግን ባዶ ነው። ዕድለኛ ከሆንክ በሌላ ቦታ ነል ፖይንተር ይመጣል። ዕድለኛ ካልሆንክ ፊልዱ ቁጥር ነው፣ የቁጥር መነሻ ደግሞ 0 ነው፣ ፕሮግራሙ መድኃኒቱን በ0 ብር ይሸጣል። ወይም የተቀናሹ ልክ 0 ይሆናል፣ ወይም የታሪፉ። ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ማተሚያው ያትማል፣ ማታ ካሸሯ ከኪሷ ትከፍላለች። ከዚህ ሁሉ የሞተው ክላስ ይሻለኛል፤ ቢያንስ ማንንም አላጭበረበረም።

ሌላው ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ሰው የሚያመጣው ነው፦ «ሆልደር ክላስ እጠቀማለሁ፣ ሲያስፈልግ ብቻ ይጫናል።» ጥሩ ብልሃት ነው፣ ለሌላ ችግር። ሆልደሩም ክላስ ነው። ሲጀመር ከወደቀ እሱም ሞተ። ኢነም ሲንግልተንም ቢሆን ያው ነው። ሞቱን ወደ ጎረቤት ቤት ማዛወር ነው።

እኔ የምለው ቀላል ነው፣ ምንም ጥበብ የለውም። ስታቲክ ቦታ ላይ የሚቀመጠው ከራሱ ከኮዱ የሚመጣ ነገር ብቻ ይሁን፦ ቋሚ ቁጥር፣ ቋሚ ጽሑፍ፣ አንዴ ተፈትሾ የማይለወጥ ነገር። ከውጭ የሚመጣ፣ ማለትም ከፋይል፣ ከዳታቤዝ፣ ከኔትወርክ፣ ከሰዓት፣ እሱ ተራ ኦብጀክት ይሁን። ሜይን ላይ ወይም ፍሬምወርኩ ሲነሣ በኮንስትራክተር ይፈጠር፣ ለሚፈልገው ይሰጠው። ኮንስትራክተር ቢወድቅ የወደቀው አንድ ኦብጀክት ነው፣ ክላሱ ጤነኛ ነው፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ «ኒው» ብለህ እንደገና ትሞክራለህ። ስፕሪንግ የምትጠቀሙ ሰዎች ይሄን በነፃ ነው የምታገኙት፤ ቢኖቹ በተለምዶ ሲነሣ ነው የሚፈጠሩት፣ አንዱ ከወደቀ ፕሮግራሙ አይነሣም። ለምን ታዲያ ከጎኑ «ኮንፊግ ዩቲል» የሚል ክላስ ከፍታችሁ ስታቲክ ብሎክ ውስጥ ፋይል ታነባላችሁ?

ነገሩ ዘግይቶ መጫን ካለበት ደግሞ በሜተድ ይሁን፦ ቆልፍ፣ ፊልዱ ባዶ ከሆነ አምጣ፣ ካመጣህ በኋላ ብቻ ፊልዱ ላይ አስቀምጥ። ማምጣቱ ከወደቀ ፊልዱ ባዶ እንደሆነ ይቀራል፣ ቀጣዩ ሰው ይሞክራል። ስድስት ሰባት መስመር ኮድ ነው። ያ ጠዋት ይሄ ስድስት መስመር ቢኖር ኖሮ፣ የሚቸገሩት መጀመሪያ የደረሱት ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ለደቂቃዎች።

እንደ ጓደኛዬ መሞት ይሻላል የምትሉ ከሆነ ደግሞ በትክክል ግደሉት። ሜይን ላይ ሞክሩ፣ ካልሆነ ፕሮሰሱን ከዜሮ በሌላ ቁጥር አስወጡት፣ ሲስተምዲ እንዲያስነሣው አድርጉ። እዚህም ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ሲስተምዲን «ሲወድቅ አስነሣው» ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት፣ ሳያርፍ ወዲያው ወዲያው ነው የሚያስነሣው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከወደቀ ደግሞ እሱም ተስፋ ይቆርጣል። ራውተሩ ገና እያዛጋ! መሐሉ ላይ 15 ወይም 20 ሰከንድ እንዲያርፍ ጻፉለት፣ ሁለት መስመር ነው። ለመቐለ መብራት ይሄ ልክ ነው።

አንድ ቅሬታ ይቀረኛል፣ ወደ አስተማሪዎች። ራሴንም ጨምሮ በየማሠልጠኛው የምናስተምር ሰዎችን ማለቴ ነው። ኤክሴፕሽን ስናስተምር ቁጥርን ለ0 አካፍለን፣ ከአሬይ ዳር ወጥተን፣ «ካች» አድርገን፣ «ፋይናሊ ሁልጊዜ ይሮጣል» ብለን እናልፋለን። ስታቲክ ስናስተምር ደግሞ በሌላ ምዕራፍ «የክላሱ ነው፣ የኦብጀክቱ አይደለም» ብለን እናልፋለን። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ የሚያሳይ ምዕራፍ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ተማሪዎቹ የሚያጠኑበትን የጥያቄ ክምር አያለሁ፦ «ከሚከተሉት የትኛው ቼክድ ኤክሴፕሽን ነው?» መልሱን በቃላቸው ያውቁታል። ያው ልጅ ሥራ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ስታቲክ ብሎክ ውስጥ ዳታቤዝ መክፈት ነው። ምክንያቱም ዩቲዩብ ላይ ያየው ሰው እንደዚያ አድርጎታል፣ ያ ሰው ደግሞ የሚኖረው መብራት በማይጠፋበት አገር ነው። የእሱ ኮድ እዚያ ዓመት ሙሉ ሳይወድቅ ይሠራል። የኛ በሳምንት ይፈተናል። ለዚህ ነው ጉዳዩ ከማንም በላይ የኛ ነው የምለው፤ ይሄን ሕግ በመጽሐፍ ሳይሆን በወረፋ የምንማር እኛ ነን።

ላቦራቶሪ ላይ ላሳይ የምፈልገው ልምምድ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ተማሪው ስታቲክ ብሎክ ውስጥ ፋይል የሚያነብ ክላስ ይጻፍ። ፋይሉን ደብቁት። ፕሮግራሙን ሳታቆሙ ክላሱን አስነኩት፣ ይውደቅ። ከዚያ ፋይሉን መልሱለትና ደግማችሁ አስነኩት። ፋይሉ እያለ «አልተገኘም» ሲለው ፊቱን እዩት። ሁለተኛ አይረሳውም።

እስከዚያው፣ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ፕሮጀክታችሁን ክፈቱና ሁለት ነገር ፈልጉ፦ «ስታቲክ» ብሎ ቅንፍ የሚከፍት ብሎክ፣ እና «ስታቲክ» ብሎ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ የሆነ ሜተድ የሚጠራ መስመር። ሁለተኛው ነው የሚሸሸገው፣ ብሎክ ስለማይመስል። ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳትጠሩ። ሲ ሻርፕ የምትጽፉ ደግሞ ስታቲክ ኮንስትራክተራችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ንገሩኝ፣ እሱን ለማወቅ ከልቤ ጓጉቻለሁ።